በአፍ የሚመታ ከበሮ

ክፍሉ ውስጥ ከበሮ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከታች በቶተንሃም ሃይ ሮድ ቀያዮቹ አውቶቡሶች ተከታትለው ቆመዋል፣ የኳስ ቀን በመሆኑ ነጭ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ ወደ ስታዲየሙ ይጎርፋል። ከአንድ ሱቅ በላይ ባለችው የኪራይ ክፍል ደግሞ ጫማቸውን በር ላይ ያወለቁ ሰዎች ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ጭናቸውን በመዳፋቸው ይመታሉ። አፋቸው ሌላ ሥራ ይዟል። «ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ኪ ታ፣ ታ ኪ ታ፣ ታ ካ…» ዜማ የለውም፤ ንግግርም አይደለም። ከደረጃው በታች ሆኖ ለሚሰማው ሰው አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው በማያውቀው ቋንቋ እየተከራከረ ይመስለዋል።

አብሮኝ የመጣው ዲያቆን ከልጅነቱ ጀምሮ ከበሮ ከአንገቱ ያልወረደ ነው። ገና እንደተቀመጥን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከበሮው መቼ ነው የሚወጣው?» አለኝ። መምህሩ፣ ከጃፍና የመጡ ጸጉራቸው የሸበተ ታሚል፣ ጥያቄውን ከፊቱ አነበቡት መሰለኝ። «መጀመሪያ ተናገረው» አሉት በእንግሊዝኛ፤ «ተናግረህ ከጨረስክ በኋላ ስለ ከበሮው እንነጋገራለን።» ዲያቆኑ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውዬውን «የኔታ» ነው የሚላቸው። እሳቸውም ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀብለውታል።

ጥበቡ ኮናኮል ይባላል። ከታሚል ናዱ እስከ ካርናታካ፣ ከኬረላ እስከ አንድራ ፕራዴሽ የሚዘወተረው የካርናቲክ ሙዚቃ ሪትሙን የሚያስተምረው በዚህ መንገድ ነው። ሚሪዳንጋም የሚባለውን፣ ከጃክፍሩት ዛፍ ግንድ ተፈልፍሎ በሁለቱም ጎን ቆዳ የሚለበጠውን ከበሮ ሊማር የመጣ ልጅ ትምህርቱን በምላሱ ይጀምራል። ጋታም የተባለውን የሸክላ ገንቦ ለሚመታውም፣ ካንጂራ የምትባለውን ትንሽ የእጅ ከበሮ ለሚይዘውም ሕጉ ያው ነው። ፊደሎቹ ለብቻቸው ትርጉም የላቸውም። ከበሮው የሚሰጠውን ድምፅ ያስታውሳሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ለቆጠራ የተመቹ ናቸው፤ ከጥርስ ወደ ላንቃ፣ ከላንቃ ወደ ጉሮሮ እየተመላለሱ ምላስ ሳይደናቀፍ እንዲፈጥን ሆነው የተሰደሩ ናቸው። ያው ፊደል መድረክ ላይ ሲወጣ ራሱን የቻለ ትርኢት ይሆናል። በኮንሰርቱ መሐል ዘፋኙና ቫዮሊኒስቱ ዝም ብለው ሜዳውን ለከበሮዎቹ የሚለቁበት ታኒ አቫርታናም የሚባል ጊዜ አለ፤ ኮናኮል ተጫዋች ከተገኘ እሱም በአፉ ብቻ ተራውን ይወስዳል።

በኢንተርኔት የሚዞሩት ቪዲዮዎች ይህን ጥበብ የፍጥነት ውድድር አስመስለውታል። አንድ ሰው አየር ሳይወስድ እንደ መትረየስ ሲያንጣጣው አይቶ የማይገረም የለም፤ እኔም የሳበኝ ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ዐይን የሚያርፈው እጅ ላይ ነው።

ካሉበት ሆነው ይሞክሩት። በብዛት የሚዘወተረው ዑደት አዲ ታላ ይባላል፤ ስምንት ምት አለው። ቀኝ መዳፍዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ፤ ይህ አንድ ነው። ቀጥሎ ትንሿን ጣት፣ ከዚያ የቀለበት ጣትን፣ ከዚያ የመሐል ጣትን በየተራ ጭንዎን ያስነኩ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና መዳፍ፤ አምስት። እጅዎን ገልብጠው በጀርባው፤ ስድስት። መዳፍ፤ ሰባት። ግልብጥ፤ ስምንት። ተመልሰው ወደ አንድ ይግቡ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ ትንሿ ጣት ሁለት ላይ ካልሆነ በቀር ሌላ ቦታ አትመጣም። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ ጣቱን አይቶ ዑደቱ የት እንደደረሰ ያውቃል። የህንድ ኮንሰርት ላይ አድማጩ ሁሉ ጭኑን እየመታ የሚያዳምጠው ለዚህ ነው፤ ሙዚቀኛው መንገድ ቢስት አዳራሹ ሙሉ ያውቅበታል።

አሁን አፉ ይጨመር። በመጀመሪያው ፍጥነት በእያንዳንዱ ምት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት ይባላል። በሦስተኛው ፍጥነት አንዱ ዑደት 32 ፊደል ይይዛል ማለት ነው። እጅ ግን ከመጀመሪያው እርምጃው ንቅንቅ አይልም። ዲያቆኑ የተያዘው እዚህ ላይ ነበር። አፉ ሲፈጥን እጁም አብሮ ፈጠነ፤ ሁለተኛ ሞከረ፣ ያው። መምህሩ ክፍሉን ሁሉ አስቁመው «አፍህ የራስህ ነው፣ እንደፈለግህ አስሩጠው። እጅህ ግን የሁላችንም ነው» አሉት። እንደገና ተጀመረ፤ ይህን ጊዜ ዐይኑን ከራሱ እጅ ነቅሎ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው፣ ባራታናትያም የሚባለውን ውዝዋዜ የምትማር ታሚል ልጅ እጅ ላይ ተከለ። ሠራ።

ቁጥሮቹ አምስት ቤተሰብ አላቸው። ሦስት «ታ ኪ ታ» ነው፤ አራት «ታ ካ ዲ ሚ»፤ አምስት «ታ ዲ ጊ ና ቶም»። ሰባት ከሦስትና ከአራት፣ ዘጠኝ ከአራትና ከአምስት ይገጠማሉ። የዑደቶቹ ዓይነት ሰባት ሲሆን እያንዳንዱ በአምስቱ ቤተሰብ ሲራባ 35 ታላ ይወጣል፤ የእያንዳንዱ ምት ውስጣዊ ክፍፍል በአምስት መንገድ ሲለዋወጥ ደግሞ 175። መድረክ ላይ ዘወትር የሚሰሙት ጥቂቶቹ ቢሆኑም ሠንጠረዡ ሙሉ ነው፤ የህንድ ሰው ሒሳብ ላይ ክፍት ቦታ አይተውም። በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከኬረላ መጥተው በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩትን የህንድ መምህራን የሚያስታውስ አንባቢ ይህ አይገርመው ይሆናል። በደረቅ ጠመኔና በማያባራ የቤት ሥራ ስሌት ያስጨረሱን ሰዎች፣ አገራቸው ሲገቡ ያንኑ ስሌት በአፋቸው የሚዘምሩ ጎረቤቶች እንደነበሯቸው ማን ነገረን?

ስሌቱ ደርቆ አይቀርም፤ ታሪክ እንደሚተርክ ሰው ያጓጓል። ኮርቫይ የሚባለው የመዝጊያ ሐረግ አንድን ቃል ሦስት ጊዜ ደግሞ፣ ያለ አንዲት ፊደል ትርፍና ጉድለት በዑደቱ አንድ ላይ የሚያርፍ ነው። ከቀላሎቹ አንዱን እንሥራ። በሦስተኛው ፍጥነት 32 ፊደል አለን። «ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ታ ኪ ታ» እንላለን፤ 13። የቀረን 19 ነው። «ታ ዲ ጊ ና ቶም» ብለን ሁለት ፊደል የሚያህል ዝም እንላለን፤ እንደግመዋለን፣ ሁለት ዝም፤ ለሦስተኛ ጊዜ «ታ ዲ ጊ ና ቶም»። አምስት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሁለት፣ አምስት፤ 19። ቀጥሎ የሚመጣው መዳፍ አንድ ነው። ሰሚው የመጀመሪያውን ሲሰማ መሬቱ የከዳው ይመስለዋል፣ ምክንያቱም አምስት በአራት ላይ አይገጥምም፤ ሁለተኛው ጥርጣሬውን ያባብሰዋል፤ ሦስተኛው ወደ ቤት ያስገባዋል። አብሮን የሚማር አንድ እንግሊዛዊ የጃዝ ከበሮ መቺ ይህን የመጀመሪያ ቀን ሲሰማ በወረቀት ካልሠራሁት አላምንም ብሎ ነበር። ሠራው፤ ልክ ነበር፤ አፉ ግን ለማመን ብዙ ሳምንት ፈጀበት።

ሐረጎቹ ቅርፅም አላቸው። ከረጅም ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄደውን የላም ጅራት ይሉታል፤ ከትንሽ ተነሥቶ እየሰፋ የሚሄደው ወንዝ ነው። በድምፅ ብቻ ሲባል ቅርፁ ይበልጥ ይታያል፤ ከበሮው ላይ የእጅ ቅልጥፍና ይጋርደዋል።

እዚህ ድረስ ስንማር ዲያቆኑ በዝምታ ሲያብሰለስል የቆየውን አወጣ። «ይኼ እኮ የኛው አቋቋም ነው» አለኝ ወደ ሰቨን ሲስተርስ ስንወርድ፤ ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ደግሞ «ግን አይደለም» አለ። ሁለቱም ላይ ልክ ነው ባይ ነኝ።

በአቋቋም ቤት ተማሪው ከበሮ ላይ ዘሎ አይወጣም። አንዱን ዜማ መጀመሪያ ቁም ዜማ ያደርገዋል፤ ምንም መሣሪያ የለም፣ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ያው ዜማ በሰውነት ይጻፋል። መረግዱ ሲደርስ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ በዝግታ፤ ጽፋት ላይ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይጨመራል። ድምፅ፣ አካል፣ ከበሮ፤ ቅደም ተከተሉ ከታሚሎቹ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። አቋቋም ለመመስከር ጎንደር በአታ የወረደ ሰው ከበሮውን የሚያውቀው ዜማውን ስላወቀ ነው፤ ያለ ዜማው እጁን ቢጠይቁት መልስ የለውም።

ልዩነቱም ከዚሁ ይነሣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ድጓውን በምልክት ሲያስጌጡ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ የድምፁን መውጫና መውረጃ አሳየ። የከበሮው ምት ግን ከፊደሉ በላይ አልተጻፈም። እሱ ከመሪጌታው ትከሻ ወደ ተማሪው ትከሻ ነው የሚተላለፈው። ዲያቆኑን የትኛውንም ወረብ አስጀምሩት፤ ከበሮው የት እንደሚወድቅ አንድ ጊዜ እንኳ አይስትም። ቃሉን ወስዳችሁ «ስንት ምት ነው?» ብትሉት ግን ይቆማል። አላዋቂነት አይደለም፤ ቁጥሩ ለብቻው ተነቅሎ እንዲወጣ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ኮናኮል በተቃራኒው ቃሉን ጥሎ ምቱን ብቻ የሚናገር ቋንቋ ነው። የቡሄ ልጅ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ሲጨፍር ግጥሙና ምቱ እንደተጣበቁ እንደሚያድጉት፣ የኛ ሪትም ከነገሩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው።

ኮናኮልን ለመማር ለንደን ጥሩ ቦታ ናት። ከቶተንሃም የሚነሣ ሰው በቪክቶሪያ መስመር ወርዶ፣ ቪክቶሪያ ላይ ወደ ዲስትሪክት መስመር ቀይሮ ዌስት ኬንሲንግተን ቢወርድ በ1972 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተቋቋመውን የባራቲያ ቪዲያ ባቫን ማዕከል ያገኛል፤ የህንድ ሙዚቃና ውዝዋዜ በመደበኛ ትምህርት ይሰጥበታል። የስሪላንካው የሐምሌ 1983 እልቂት ካፈናቀላቸው ታሚሎች ብዙዎቹ ለንደን ገብተዋል፤ ከቶተንሃም ብዙ በማይርቀው አርችዌይ ሮድ ላይ ያለው የሙሩጋን ቤተ መቅደስ የዚያ ማኅበረሰብ አንዱ መሰብሰቢያ ነው። ስደተኛ ሕዝብ ልጆቹን ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚያስተምር እኛ እናውቃለን፦ ፊደልና ዜማ።

ከማኅበረሰቡ ውጭ ያለው ጆሮ ግን ጥበቡን የሰማው በሌላ በር ነው። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጆን ማክላፍሊን ከቫዮሊኒስቱ ኤል. ሻንካር፣ ከታብላ መቺው ዛኪር ሁሴንና ገንቦ መቺው ቪኩ ቪናያክራም ጋር ሻክቲን መሥርቶ በ1976 የመጀመሪያውን አልበም ሲያወጣ የምዕራቡ ሮክና ጃዝ አድማጭ ያልጠበቀውን ሰማ። ማክላፍሊን በኋላ ከቪናያክራም ልጅ ከሴልቫጋኔሽ ጋር ኮናኮል የሚያስተምር ቪዲዮ በ2007 አሳተመ፤ ዛሬ በየአገሩ «ታ ካ ዲ ሚ» የሚሉ የጃዝ ተማሪዎች ብዙዎቹ የዚያ ቪዲዮ ልጆች ናቸው። ሻክቲ በ2024 ግራሚ ወሰደ፤ ዛኪር ሁሴን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አረፈ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የለንደኗ ልጅ የሺላ ቻንድራ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቻቸው አልበሞች ውስጥ የከበሮ ፊደሎችን ያለ ከበሮ፣ በድምፅዋ ብቻ፣ እንደ ሐሜትም እንደ ጸሎትም እያደረገች ተጫውታባቸዋለች። በኋላ በአፍ ሕመም ምክንያት መዝፈን ማቆሟ የሚያሳዝን ነው።

ቶተንሃም ራሱም ለምት እንግዳ ሰፈር አይደለም። በ1964 መጀመሪያ ዴቭ ክላርክ ፋይቭ የተባለው ባንድ ቢትልስን ከብሪታኒያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ሲያወርድ የባንዱ አለቃ ከበሮ መቺው ነበር፤ ጋዜጦቹ ድምፁን የቶተንሃም ድምፅ አሉት። ከናይጄሪያ ወላጆች የተወለዱት ወንድማማቾች ስኬፕታና ጄኤምኢ ያደጉትም እዚሁ ነው፤ በ2005 የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ፣ ስኬፕታ በ2016 የመርኩሪ ሽልማትን ወሰደ። ግራይም የሚባለው የእነሱ የራፕ ስልት በደቂቃ 140 ምት ገደማ ይሮጣል፤ ልጆቹ ከዚያ ላይ ቃሉን ያወርዱታል። ክፍላችን ውስጥ አንድ የሰፈሩ ወጣት አለ፤ በሦስተኛው ፍጥነት ማንም አይደርስበትም። በመጀመሪያው ፍጥነት ግን ከሁላችንም በላይ ይሳሳታል። መምህሩ ይህን ሲያዩ አይገረሙም፤ ዝግታው ነው የሚከብደው ይላሉ። ምላስ በልማድ ይሮጣል፤ በሁለት ፊደል መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይዞ መቆየት ግን ዕውቀት ይፈልጋል።

ህንድ ውስጥም ኮናኮል ሁልጊዜ ወንበሩ የተከበረለት አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማናርጉዲ ፓኪሪያ ፒላይን የመሰሉ ባለ ስም ባለሙያዎች ነበሩት፤ ቆይቶ ግን በኮንሰርቱ ላይ ራሱን የቻለ ቦታው እየጠበበ ሄደ። ከበሮ መቺው ለተማሪው በቤት የሚናገረው፣ መድረክ ላይ ግን የማያወጣው ነገር ሆነ። ባንጋሎር ላይ የካርናታካ ኮሌጅ ኦፍ ፐርከሽንን የመሠረቱት ቲ.ኤ.ኤስ. ማኒና ባለቤታቸው ራማማኒ ጥበቡን አውሮፓ ድረስ ይዘውት ዞሩ፤ ራማማኒ በመድረክ ላይ በድምፅዋ ምቱን ስትመራ ያየ፣ ነገሩ የወንዶች ብቻ ነው ሊል አይችልም። ዛሬ ያለው መነቃቃት ከፊሉ የነሱ ነው፣ ከፊሉም የስልክ ካሜራ ነው። ካሜራው ያመጣውን ተማሪ መምህሩ ወደ መጀመሪያው ፍጥነት መልሰው ያስቀምጡታል።

ሰሞኑን ክፍሉ በእኛ ጉዳይ ተያዘ። ዲያቆኑ ችክችካን በኮናኮል ማለት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ በስልክ አንድ የወሎ ዘፈን አስከፍተው ሰሙ፤ ወዲያው «ስድስት ነው» ብለው «ታ ኪ ታ ታ ኪ ታ» አሉበት። ገጠመ። ትንሽ ቆዩና «ወይም ደግሞ…» ብለው እጃቸውን በሦስት እየመቱ አፋቸውን በሁለት አደረጉት። ይህም ገጠመ። ሁለቱን አደባልቀው እጅ በሁለት፣ አፍ በሦስት፤ ከዚያ እጅ በሦስት፣ አፍ በሁለት እያገላበጡ አሠሩን። ዘፈኖቻችን ለምን አንዴ የሚሮጡ፣ አንዴ የሚያዘግሙ እንደሚመስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭኔ ገባኝ። እዚያው ሳሉ የትግርኛ ጓይላ አስከፈትናቸው፤ ብዙ ሙዚቀኞች በአምስት የሚቆጥሩት ያ ምት ለሳቸው የቆየ ወዳጅ ነው፤ በደስታ ሣቁ።

ዲያቆኑ ግን ችክችካው ላይ አልተዋጠለትም። «ልክ ነው፣ ግን እስክስታ አይወርድበትም» አለ። ትከሻውን አሳያቸው። መምህሩ ዘፈኑን አዝግመው ደግመው ደጋግመው ሰሙት፤ ከስድስቱ አንዳንዶቹ ምቶች እኩል አይደሉም፣ አንዱ ትንሽ ይዘገያል፣ የሚቀጥለው ይቸኩላል፤ ትከሻው የሚወድቀው በዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። ኮናኮል ምቱን እኩል ቆርሶ ይሰጣል፤ ሥራው ያ ነው። ለኛ ያለው ጥቅምም በዚያው ይታየኛል፤ ችክችካን መጫወት ያስተምረናል ብዬ አልጠብቅም፣ ከእኩልነት ምን ያህልና የት ላይ እንደሚያፈነግጥ ግን በጣት ያሳየናል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ «ስድስት ስምንተኛ» ተብሎ የተነገረውን ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ይህን አያገኘውም።

መምህሩ ለዲያቆኑ የተለየ የቤት ሥራ ሰጡት፦ አንድ የመረግድ ምት መርጦ፣ ቃሉን ትቶ፣ ከበሮው የሚወድቅበትን ቦታ ሁሉ በቁጥር ጽፎ ይምጣ። ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ ዜማውን በአፍንጫው እያዜመ እንደገና ሲጽፍ ነበር። ስንት ደረስክ ብለው «ተወኝ እስቲ» አለኝ፤ «መሪጌታ ይኼን ቢያዩ ደብተሩን በመቋሚያ ነበር የሚሉት።» ገጹን ገልብጦ ከአንድ ጀመረ።